ለሦስት ሌሊት ጫጉላ አዲስ አበባ መሃል የት ብናርፍ ይሻላል?

የከዚራ ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በእግዚአብሔር ፈቃድ ጥር 23 ሰርጋችን ነው። መልሱም ቅልቅሉም ካለቀ በኋላ የካቲት 3 ላይ ከድሬዳዋ ተነስተን አዲስ አበባ ለሦስት ሌሊት ብቻችንን ማረፍ እንፈልጋለን። ለምን ሐዋሳ ወይ ላንጋኖ አትሄዱም ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ። እኔ አዲስ አበባን የማውቃት በ10 ዓመቴ ከእናቴ ጋር ለሕክምና መጥቼ ነው። እሱ ዕቃ ሊጭን በየወሩ ይመጣል፤ ግን መርካቶ ይመሽለታል፣ መርካቶ ይነጋለታል። ድንቅነሽን አይቶ አያውቅም፣ እንጦጦ ወጥቶ አያውቅም። አብረን እንያት ብለን ነው።

የቸገረኝ ሰፈሩ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያየሁት ሆቴል ሁሉ «መሃል ከተማ» ይላል። ገርጂ ያለውም ይላል፣ ሳሪስ ያለውም ይላል፣ አያት ያለውም ይላል። የአክስቴ ልጅ ቦሌ ያዙ ትላለች። አባቴ ለገሃር ካልሆነ አይለኝም፤ በወጣትነቱ ከባቡር ወርዶ ሻንጣውን አንጠልጥሎ በእግሩ የሚገባበት ቤት ነበረው። እናቴ ደግሞ «እህቴ ገርጂ ቤቷን ከፍታ እያለ ምን ሲባል ሆቴል!» ብላ አኩርፋለች።

በጀታችን ለአዳር እስከ 7,000 ብር ነው። ማታ ራት በልተን እጅ ለእጅ ተያይዘን ትንሽ የምንራመድበት፣ ሌሊት ደግሞ እንቅልፍ የምናገኝበት ቦታ የምታውቁ ንገሩኝ አቦ። አደራ።


ሰባ ደረጃ፦

እንኳን ደስ ያላችሁ ልጄ። ጋብቻችሁ የአብርሃምና የሣራ ይሁን።

ከአባትሽ ልጀምር። ምክሩ በጊዜው ልክ ነበር። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ከድሬ ለሚመጣ ሰው የከተማዋ በር ለገሃር ነበረች፤ እንግዳ በሩ አጠገብ ቢያድር ደግ ነው። አዲሱ ባቡር ግን ለገሃር አይገባም። ፉሪ ለቡ ያወርዳችኋል፣ ከዚያ መሃል ለመድረስ ሌላ መኪና መያዝ አለባችሁ። ስለዚህ ለገሃርን ለባቡሩ ብላችሁ አትያዙት። በሌላ በኩል ግን አትናቁት፤ መሬቱ ሜዳ ነው፣ ስታዲየምና መስቀል አደባባይ በእግር ይደረሳል፣ የአንበሳውን ሐውልት አይታችሁ ለአባትሽ ፎቶ ትልኩለታላችሁ። ደስ ይለዋል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። «መሃል ከተማ» የሚለውን ቃል ተዪው። ወረቀት አውጪና የምታዩትን ነገር ጻፊ። ድንቅነሽ ያለችው አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። የጃንሆይ ቤተ መንግሥት የነበረው ሙዚየም ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ነው። የዓድዋ ሙዚየም ፒያሳ። ሥላሴ አራት ኪሎ። አንድነት ፓርክ ታላቁ ቤተ መንግሥት። ወዳጅነት ፓርክ ሸራተን ጎን። እንጦጦ ከሽሮ ሜዳ በላይ። ሁሉም ከመስቀል አደባባይ በስተሰሜን ናቸው፤ ቦሌ ውስጥ አንድ እንኳን የለም። የእናንተ መሃል አራት ኪሎ ነው። ከዚያ ተነስታችሁ ወደ ፒያሳ ብትሉ፣ ወደ አምስት ኪሎ ብትሉ፣ ወደ ቤተ መንግሥቱ ብትወርዱ ሁሉም የእግር መንገድ ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ፒያሳን በተመለከተ ከ2016 በፊት የተጻፈ ምክር አትመኚ። በዚያ ዓመት ሰፈሩ በስፋት ፈርሶ መንገዱም ሕንፃውም ተቀይሯል። ያደግኩበት ስለሆነ ሳየው ሆዴ ይባባል፤ የማውቀው በር ሁሉ የለም። የሰው አስተያየት ስታነቢ ቀኑን እይ። «ከሆቴሉ ወጥታችሁ በስተቀኝ ያለው ኬክ ቤት» ብሎ የጻፈ ሰው ያን ጊዜ እውነቱን ነበር፤ ዛሬ ኬክ ቤቱ የት እንዳለ እኔም አላውቅም።


ኮድ ሦስት፦

እንኳን ደስ አላችሁ እህቴ። ጋሼ የጻፉት ትክክል ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ስለምውል የሰዓቱን ነገር ልጨምርልሽ።

ከቦሌ ወደ አራት ኪሎ ወይ ፒያሳ በእሁድ ጠዋት አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ያንኑ መንገድ በሥራ ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ሞክሪው፤ አንድ ሰዓት ተቀምጠሽ ሒሳቡ ሲቆጥር ታያለሽ። ሙሽሮች ጭኜ አውቃለሁ። ሙዚየም ውለው፣ ወደ ሆቴል ተመልሰው ልብስ ቀይረው፣ እንደገና ራት ሊወጡ ነው ሐሳባቸው። በመጀመሪያው ቀን ይሞክሩታል። በሁለተኛው ቀን ሲመለሱ ደክሟቸው እዚያው ሆቴሉ ውስጥ ይበላሉ። ሦስት ቀን ላለው ሰው አንድ ምሽት በመንገድ ሲያልቅ ያሳዝናል።

ሆቴል ከመያዝሽ በፊት ስልክሽ ላይ ራይድ ወይ ፈረስ ክፈቺና ከሆቴሉ እስከ ብሔራዊ ሙዚየም ያለውን ዋጋ እዪ። በ11 ሰዓት ማታ እዪው፣ በእሁድ ጠዋት አትዪው። ድሬ ሆነሽም ይሠራል። ያን ዋጋ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ አባዢና የአዳሩ ላይ ደምሪው። ራቅ ብሎ ርካሽ የመሰለሽ ሆቴል መሃል ካለው እኩል ሆኖ ታገኚዋለሽ።


የሩዋንዳዋ፦

እኔ ግን ቦሌን ልከራከርላት። ሁሉም ሰው ሙዚየም ሊያይ አይመጣም፤ ጫጉላ ነው እኮ። መብላት፣ ባህላዊ ዘፈን ማየት፣ ቡና መጠጣት፣ አምሮ ተለብሶ መውጣት ነው። ይሄ ሁሉ ቦሌ አለ። ከመስቀል አደባባይ እስከ አየር ማረፊያ ያለው የአፍሪካ ጎዳና ከተሠራ ወዲህ የእግረኛ መንገዱ ሰፊ ነው፣ መብራቱ ያምራል፣ ማታ ቤተሰብ ልጅ ይዞ ይራመድበታል። እኔና ባለቤቴ ራት በልተን ከደምበል እስከ ወሎ ሰፈር በእግራችን እንሄዳለን። በአውሮፕላን የምትመጡ ከሆነና የመመለሻ በረራችሁ ንጋት ላይ ከሆነ ደግሞ የመጨረሻዋን ሌሊት ቦሌ ማደር እንቅልፍ ማትረፍ ነው።


ኮድ ሦስት፦

እህቴ፣ ስለ መንገዱ ያልሽው እውነት ነው። በረራው ንጋት ከሆነም እስማማለሁ። ግን የጠየቀችን ልጅ ድንቅነሽና እንጦጦ ብላለች። ቦሌ አድሮ እንጦጦ መውጣት ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው።


የሌሊት ፈረቃ፦

ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ 9 ዓመት ሠርቻለሁ፣ አብዛኛውን በሌሊት። የሙሽሮችን ቅሬታ የምሰማው እኔ ስለሆንኩ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

በመጀመሪያ ቀኑን ቀይሪው። የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ በየዓመቱ የካቲት ውስጥ ነው፤ ስብሰባው ከመሪዎቹ ቀን በፊት ይጀምራል፣ ልዑካኑም ቀድመው ይገባሉ። በዚያ ሰሞን መሃል ያለ ሆቴል ይሞላል፣ ዋጋው ይወጣል፣ መንገድም በየሰዓቱ ይዘጋል። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለ ሙሽራ ሻንጣውን ይዞ አጥር ሥር ቆሞ ሲጠብቅ አይቻለሁ። ከሰርጋችሁ በኋላ ቶሎ ብላችሁ በጥር መጨረሻ ከመጣችሁ ከዚህ ታመልጣላችሁ። (ሌላ ጊዜ ለሚያነብ፦ የደመራ ዕለት፣ የኢሬቻ ሰሞንና በኅዳር የታላቁ ሩጫ እሁድም መስቀል አደባባይ ዙሪያ መንገድ ይዘጋል። ጥር 10 እና 11 ደግሞ ታቦት ወደ ጃን ሜዳ ስለሚወርድ ስድስት ኪሎ አካባቢ መኪና አይገባም። ያን ቀን በእግሩ ማየት ለሚፈልግ ግን ከዚያ የተሻለ ሰፈር የለም።)

ሁለተኛ፣ ሰፈሩን ከመረጥሽ በኋላ ክፍሉን ምረጪ። አንድ ሆቴል ውስጥ ሁለት ዓለም አለ። አውራ ጎዳና የሚያየው ክፍል ፎቶ ላይ ያምራል፤ ሌሊት ግን ከ9 ሰዓት ጀምሮ ከባድ መኪና ማርሽ ሲቀይር ትሰሚያለሽ። ከጀርባ ያለው ክፍል ጸጥ ይላል ብለሽ ስትይዢ ደግሞ ጄኔሬተሩ ከመስኮቱ ሥር ሊሆን ይችላል። ስትደውዪ እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ «ጄኔሬተራችሁ በየት በኩል ነው? መብራት ሲጠፋ ሊፍቱንና የውሃ ማሞቂያውን ያነሳል?» አንዳንድ ቤት ጄኔሬተሩ የሚያነሳው ኮሪደሩንና ሪሴፕሽኑን ብቻ ነው። ሰባተኛ ፎቅ ላይ ያለች ሙሽራ በተረከዝ ጫማ ደረጃ መውጣት የለባትም። የውሃውንም ጠይቂ፤ የራሳቸው ጉድጓድ ወይ በቂ ሮቶ ያላቸው በኩራት ይነግሩሻል፤ የሌላቸው «አይቋረጥም» ብለው ወሬ ይቀይራሉ።

«ምድር ቤት ወይ ጣሪያ ላይ ምን አለ?» ብለሽም ጠይቂ። የሰርግ አዳራሽ ያለው ሆቴል በጥር ቅዳሜና እሁድ እስከ እኩለ ሌሊት ከበሮ አለው። የራሳችሁን ሰርግ ጨርሳችሁ የሌላ ሰው ሰርግ ሥር ማደር የምትፈልጉ አይመስለኝም።

ዋጋ ሲነግሩሽ «ከነታክሱ ነው?» በያቸው። 15 ከመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና ብዙ ቤት 10 ከመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመርበታል። 7,000 ሲሉሽ ሳይጨምሩ ከሆነ ስትከፍዪ 8,800 ያልፋል፤ በጀትሽ ፈረሰ ማለት ነው። ቁርስ ለሁለት ሰው መሆኑንም አረጋግጪ። አልጋው አንድ ትልቅ እንዲሆን በግልጽ ተናገሪ። «ለሁለት ሰው» ብለሽ ብቻ ከያዝሽ ሁለት ነጠላ አልጋ ይሰጡሻል፤ በሌሊት ሲያገጣጥሙ የነበሩ ሙሽሮች አሉ። ሙሽሮች መሆናችሁን ደውለሽ ንገሪ፣ አትፈሪ። እኛ ስንሰማ ደስ ይለናል፣ ክፍሉንም ቀድመን እንለያለን።

መታወቂያ ሁለታችሁም ያዙ። ከድሬ ስለምትመጡ ደግሞ ብርዱን አስቡበት፤ ክፍል ውስጥ ማሞቂያ ያለው ሆቴል ጥቂት ነው። ጥር ላይ ሌሊቱ ቁር ነው፤ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ከመተኛታችሁ በፊት ጠይቁ።


የሳሪሷ፦

የሌሊት ፈረቃ የጻፈችውን ሳነብ ያለፈው ዓመት ትዝ አለኝ። የሆቴሉን ስም አልጠራም፤ ለእኔ የሚጠቅመኝ ሌላ ሰው እንዳይደርስበት ነው።

እኛ ለሰርጋችን ከመቀሌ የመጡ ዘመዶቻችንን ሸኝተን ለሁለት ሌሊት መሃል ሆቴል ያዝን። ቦታው በካርታ ሲታይ የሚያስቀና ነው፤ መስቀል አደባባይ አሥር ደቂቃ በእግር። ባለቤቴ አበባ ገዝቶ ነበር፣ ጽጌረዳ። ክፍሉ ውስጥ ማስቀመጫ ስላልነበረ የውሃ ፕላስቲክ ቆርጦ ውሃ ሞላና ኮሞዲኖው ላይ አቆመው። 4 ሰዓት ላይ ተኛን። 5 ሰዓት ላይ ሙዚቃው ጀመረ። ምድር ቤቱ ውስጥ የምሽት ክበብ ኖሯል፤ መግቢያው በጀርባ ስለሆነ ቀን አላየነውም። ዘፈኑ አይሰማም፣ ድሙ ብቻ ነው የሚሰማው፤ በግድግዳው በኩል ይመጣና አልጋው እግር ውስጥ ይገባል። የፕላስቲኩ ውሃ ላይ ክብ ክብ እየሠራ ሲንቀጠቀጥ ሁለታችንም ተጋድመን እያየነው ነበር። ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ላይ ቆመ። ከዚያ ደጅ ላይ የሚጮኸው ሰው፣ የመኪናው ጥሩንባ፣ ንጋት ሆነ።

ወርጄ ስነግራቸው ልጁ አዝኖልኝ ሌላ ክፍል ፈለገ፤ ሁሉም ተይዟል። እሱ ምን ያድርግ። በማግስቱ ባለቤቴ ለሥራ እንደሚሄድ ሰው ዓይኑ ቀልቶ ቁርስ ላይ ሲያዛጋ ሳየው አለቀስኩ። አሁን ስጽፈውም ይቆጨኛል፤ ያቺ ሌሊት ተመልሳ አትመጣም።

እህቴ፣ ከቻልሽ አዲስ አበባ ያለ ሰው ላኪ። ቀን አይደለም፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ። በሩ ላይ ቆሞ ያዳምጥ። ሰፈሩም ማታና ቀን ሌላ ነው፤ ሃያ ሁለትና ቺቺኒያ በኩል ቀን ጸጥ ያለ መንገድ ማታ ሌላ መልክ አለው።


ሳቢያን፦

ማሻአላህ! ባረከላሁ ለኩማ። የድሬ ልጅ ስለሆንሽ ነው የገባሁት፤ እኔም አዲስ አበባ ከገባሁ 14 ዓመቴ ነው።

ባቡሩን ካሰባችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጣቢያው ዳር ስለሆነ አመሻሽ ላይ ስትወርዱ ከነሻንጣችሁ ወደ መሃል የምትገቡበት ሰዓት የመጨናነቂያው ሰዓት ነው። በአውሮፕላን ከመጣችሁ ቦሌ እስከ መስቀል አደባባይ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከሰርግ ድካም በኋላ ቀኑን ሙሉ ባቡር ላይ መዋል ሙሽራ ይጎዳል። ባቡሩን ሌላ ጊዜ ትሳፈሩበታላችሁ።

ሌላው የአክስትሽ ጉዳይ ነው። ማንም አልነካውም፤ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። እናትሽ ያኮረፈችው ስለ ገንዘቡ አይደለም፣ እህቷ «እኔ እያለሁ» እንዳትላት ነው። አክስትሽ ጋ ራስሽ ደውዪ፣ በእናትሽ በኩል አትላኪ። «አክስቴ፣ በዚህ ቀን ምሳ አንቺ ጋ ነን፣ ዶሮሽን ናፍቄያለሁ» በያት። ቀኑን አንቺ ቁረጪ፤ የመጨረሻው ቀን ይሁን። ሻንጣችሁን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ ትበላላችሁ፣ ትመረቃላችሁ፣ ከገርጂ ወደ አየር ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ እዚያው ትሸኛችኋለች። ገርጂን በዚህ ተጠቀሙባት። መጀመሪያ ቀን ከሄዳችሁ ግን አትለቃችሁም፣ እውነቴን ነው፤ አልጋ አንጥፋ ትጠብቃችኋለች።

ጫጉላ በድሮው ደንብ ሙሽሮቹ ከሰው ተለይተው የሚቀመጡበት ዳስ ነበር፤ ሚዜ ብቻ ነው ምግብ ይዞ የሚገባው። ሆቴል መያዛችሁ አዲስ ነገር አይደለም ብለሽ ለእናትሽ አስረጃት።


የከዚራ ልጅ፦

አቦ ምን ልበላችሁ! ሁሉንም ለእሱ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የሳሪሷ፣ የጽጌረዳሽ ነገር ልቤን ነካው። ጋሼ ሰባ ደረጃ፣ አንተ ስልህ አትቀየመኝ፤ እኛ ድሬ ላይ አባታችንንም አንተ ነው የምንለው። ወረቀቱን ጽፌ ነበር፤ ከሰባቱ ቦታ ስድስቱ ያልከው አቅጣጫ ሆነ።

ቀኑን ወደ ጥር 27 አምጥተነዋል። አሁን ሁለት ቤት ቀርቶኛል። አንዱ መስቀል አደባባይና ካዛንቺስ መካከል፣ አሥራ አንድ ፎቅ፣ አዲስ፣ ዋጋው ከነታክሱ 7,200። ሁለተኛው ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ አራት ፎቅ፣ አሮጌ ግን ንጹሕ፣ 5,400። ጣይቱ ሆቴልንም አይቼ ነበር፤ አባቴ ስሙን ሲሰማ ዓይኑ በራ።


ሰባ ደረጃ፦

አንተ ማለትሽ ደስ አለኝ እንጂ ምን ያስቀይመኛል።

ጣይቱ የአገሪቱ የመጀመሪያው ሆቴል ነው፤ እቴጌ ራሷ ያሠራችው። በጥር 2007 ቃጠሎ ጎድቶት ነበር። አሮጌ ቤት ነው፦ የእንጨት ወለሉ ይንጫጫል፣ ጣሪያው ሩቅ ነው። ያንን የሚወድ ሰው ይወደዋል። ለእናንተ ግን ሄዳችሁ ቡና ጠጡበት፣ ለአባትሽ ከደጁ ደውዪለት።

ከሁለቱ ሁለተኛውን እኔ እመርጣለሁ። ካዛንቺስ የድሮዋ ካዛንቺስ አይደለችም፤ በ2017 ብዙው ፈርሶ እየተሠራ ነው። አዲሱ ሆቴል ጎን ግንባታ ይኖር እንደሁ ጠይቂ፤ ግንባታ ካለ በጠዋት ይጀምራል። አራት ኪሎ በኩል ማታ ከሆቴላችሁ ወጥታችሁ የዓድዋ ሙዚየም ድረስ በመብራት መሄድ ትችላላችሁ። ዳገት ግን አለው፤ ጫማሽን አስቢ።

አንድ ነገር ልደብቅሽ አልችልም። እዚያ ሰፈር አብያተ ክርስቲያናት ቅርብ ናቸው። ሌሊት ማኅሌት ካለ፣ ንጋት ላይ ቅዳሴ ሲጀመር ድምፅ ማጉያው ይሰማል። እኔ ሲሰማኝ ነው እንቅልፌ የሚጣፍጠኝ፤ ለሌላ ሰው ግን ከባድ ሊሆን ይችላል። መስኮቱ ወደየት እንደሚያይ ጠይቂ።


የሌሊት ፈረቃ፦

እኔም አራት ፎቁን። ሦስተኛ ፎቅ፣ ከጀርባ፣ ከሊፍቱ ራቅ ያለ ብለሽ ጠይቂ። ከጣሪያ ሥር ያለውን አትያዢ፤ ቀን ይሞቃል ሌሊት ይበርዳል።

ለአንድ ሰዓት ለአንድ ሰዓት የሚያከራይ ፔንሲዮን እንዳይሆን ብቻ አረጋግጪ። ሲደወል «አዳር ነው ወይስ ለአጭር ጊዜ?» ብለው የሚጠይቁሽ ከሆነ ስልኩን ዝጊው። እንዲያ ያለ ቤት ሌሊቱን ሙሉ ኮሪደሩ ላይ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ያድራል።


ኮድ ሦስት፦

ማታ 4 ሰዓት ላይ በዚያ በኩል ስለማልፍ በሩ ላይ ቆሜ አዳምጥልሻለሁ። የሰፈሩን ምልክት በውስጥ መስመር ላኪልኝ።


ኮድ ሦስት፦

ትናንት ማታ 4 ሰዓት ከ20 ላይ ሄጄ ነበር። መኪናውን አጥፍቼ አሥር ደቂቃ ቆየሁ። ከመንገዱ ገባ ስላለ መኪና ብዙም አይሰማም። ጎኑ ዳቦ ቤትና ፋርማሲ ነው፤ ቡና ቤት የለም። ጥበቃው ነጠላ ደርቦ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ሰላም ብዬው ጄኔሬተሩን ጠየቅኩት፣ በግቢው ዳር ከኩሽናው ጀርባ ነው፤ ከክፍሎቹ ይርቃል። የመንገዱ መብራት እስከ አራት ኪሎ ድረስ ይበራል፣ ሰውም ይተላለፋል። ያዢው።


የከዚራ ልጅ፦

ተመልሰናል! ቃል ስለገባሁ ነው የምጽፈው።

በአውሮፕላን ሄድን። ሆቴሉ አራት ኪሎ በኩል ያለው ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከጀርባ። ሙሽሮች ነን ብዬ ስለደወልኩ አልጋው ላይ ፎጣ በልብ ቅርጽ አጥፈው፣ ኮሞዲኖው ላይ አንድ ብርጭቆ ውስጥ አደይ የሚመስል ቢጫ አበባ አድርገው ጠበቁን። የሳሪሷን አስቤ ብርጭቆውን ሌሊት ላይ አየሁት። ውሃው ዝም ብሏል።

ብርዱ ግን እውነት ነው። ሁለት ብርድ ልብስ ጨምረው ሰጡን። ጠዋት 11 ሰዓት ላይ የሥላሴ ይሁን የሌላ አላውቅም ቅዳሴ ተሰማ፤ እሱ ነቅቶ «አዲስ አበባ እንዲህም አለች?» አለኝ። መርካቶ የሚያድረው ሰውዬ።

በሁለተኛው ቀን ቁርስ በልተን በእግራችን አምስት ኪሎ ወጣን፤ ዳገቱን ቀስ ብለን። ድንቅነሽ ጋ ሲደርስ ቁመቷን አይቶ ዝም አለ፤ እንደ ልጅ ናት። ከዚያ ስድስት ኪሎ። ከሙዚየሙ ፊት ለፊት ጣሊያኖች የሠሩት ክብ ደረጃ አለ፣ ወደ የትም የማይወስድ፤ ለፋሺስት ዘመናቸው በዓመቱ አንድ አንድ ደረጃ አድርገው ነው። ከላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። አስጎብኚው ሲነግረን ባለቤቴ ተመልሶ ሄዶ በጣቱ ቆጠራቸው። የጃንሆይን መኝታ ቤትም አየን፤ የእቴጌ መነንን ደግሞ ለብቻው። ከዚያ ሆቴላችን ተመልሰን ተኛን፤ ቀን ላይ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ። ቦሌ ብንይዝ ኖሮ ይህቺን እንቅልፍ አናገኛትም ነበር።

እንጦጦ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወጣን። ኮድ ሦስት ነው የወሰደን፤ ሒሳቡን በግድ ተቀበለ። የባሕር ዛፉ ሽታ እስካሁን ሹራቤ ላይ አለ። ማታ ማታ በሦስቱም ቀን እስከ ዓድዋ ሙዚየም ሄደን ተመልሰናል። ጋሼ፣ ስለ ጫማ የነገርከኝን ባልሰማ እግሬ አልቆ ነበር።

አባቴን ከለገሃር ነው የደወልኩለት። አንበሳውን በቪዲዮ ሳሳየው «ወደ ግራ አዙሪው» አለኝ። አዞርኩት። ዝም ብሎ ቆየና «በቃ፣ በርቱ» ብሎ ዘጋው።

አክስቴ ጋ የመጨረሻው ቀን ምሳ በላን። ሳቢያን እንዳልከው ሆነ፤ አልጋ ተነጥፎ ነበር። በረራ አለን ብለን ተርፈናል። ዶሮውን በሳህን ጠቅልላ ለእናቴ ላከችላት፣ እናቴም ኩርፊያዋን ትታለች።


ሳቢያን፦

አልሐምዱሊላህ። ዶሮው ሳይፈስ ድሬ ደረሰ?


የከዚራ ልጅ፦

ደረሰ። በሦስት ፌስታል ነው የጠቀለለችው።


እጮኛዬና እኔ፦

እንኳን ደስ አላችሁ። እኛ በሚያዝያ ከፋሲካ በኋላ ነን፣ ከጅማ። የሆቴሉን ስም በውስጥ ብትልኪልኝ። ሦስተኛ ፎቅ ከጀርባ ስንት ቁጥር ነበር?


የከዚራ ልጅ፦

ልኬልሻለሁ። ሁለት ብርድ ልብስ አስቀድመሽ ጠይቂ።